እኔን፣ አሥራ ሁለት ኪሎ

የመድኃኒቱን ሳጥን እናቴ «የነፍስ አባት» ትለዋለች፤ ሁሉን ካልተናዘዝሽለት ምንም አይሰጥሽም። አማቴ እማ ዘምዘም «ሸሁ» ይሉታል። ባሌ ይመር ዞር ሲል «ያ ቆርቆሮ» ይለዋል፣ ፊቱ ሲቆም ግን «ጋሼ» ነው። በሕግ የወጣለት ስም «የቤተሰብ መድኃኒት አዳይ» ነው፤ በዚያ ስም ሲጠራው የሰማሁት የወረዳው ተቆጣጣሪ ብቻ ነው።

ሳጥኑ ወጥ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰክቷል። ደሴ ውስጥ ሳጥን የሌለው ቤት የለም፤ መድኃኒት በጠርሙስ ገዝቶ ቤት ማስቀመጥ ከተከለከለ ቆይቷል። ድሮ ሰው ለልጁ ሽሮፕ የሚሰጠው እጁ በገባው ማንኪያ ነበር፣ አንዱ በሻይ ማንኪያ፣ አንዱ በሾርባ ማንኪያ ይለካ ነበር ሲሉ እሰማለሁ። እንዴት ተርፈን እዚህ እንደደረስን እንጃ። አሁን ማን እንደታመመ ትነግሪዋለሽ፣ እሱም በኪሎው ልክ ቀምሞ በትንሽ ኩባያ ያወጣልሻል። የልጆቹ እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ሰዓቱ ሳይደርስ ብትለምኚው፣ ብታለቅሺለት፣ ብትራገሚው ጠብታ አይሰጥሽም።

አንድ ጉድለት አለበት፤ አያይም። የገመና ሕግ ሲወጣ ማሽን በሰው ቤት ውስጥ ይስማ እንጂ አይይ ተብሎ ተወሰነ። አንድ ትልቅ ሰው በውስጥ ሱሪ ሲጨፍር ታይቶ ነው ሕጉ የወጣው ይባላል። እኔ አላየሁም፤ ያየ ጎረቤት ግን አለኝ። ለማንኛውም ሳጥኑ ሰውን የሚያውቀው በስሙ ብቻ ነው። ይህን የወሰኑት ሰዎች ወሎ መጥተው አያውቁም፤ እዚህ አንድ ልጅ ባንድ ስም ብቻ አይጠራም።

ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ናት። የመዝገብ ስሟ ሐምራዊት ነው፤ እኔ ነኝ ያወጣሁላት። እማ ዘምዘም ሉባባ ይሏታል፣ በእናታቸው ስም። እናቴ አስካለ ደግሞ ትርንጎ ትላታለች። ምክንያቷን ብትጠየቅ «አያት ስም ለማውጣት ማንን ታስፈቅዳለች» ነው መልሷ። ይመር፣ እንደ አባቶች ሁሉ፣ «እማዬ» ይላታል። እኔም የራሴን እናት የምጠራት «እማዬ» ብዬ ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ሳጥኑ የተተከለ ቀን አዋቂዎቹን አንድ በአንድ በቤቱ ያሉትን ልጆች ስምና ክብደት ጠየቀን። እኔ ሐምራዊት፣ አሥራ ሁለት ኪሎ አልኩ። እማ ዘምዘም ሉባባ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ አሉ። እናቴ ትርንጎ፣ አሥራ ሁለት ኪሎ አለች። ሳጥኑ ሲጨርስ «ሦስት ልጆች በአንድ ጊዜ። እንኳን ማርያም ማረችዎ» አለኝ። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። «እማዬ» የሚለውን እናቴ ላይ መዘገበው፤ ስድሳ ስምንት ዓመት፣ ሰባ ኪሎ። እናቴ ሰባውን እስከ ዛሬ አልተቀበለችም። በማግስቱ የሦስት ልጆች ቤት ናችሁ ተብሎ የወተት ድርሻችን ጨመረ፤ ማን ይጠላል፣ ዝም አልን።

እኔ የምሠራው ይቅርታ ቤት ነው። ማሽን «አዝናለሁ» ሲል ሰው የባሰ እንደሚበሽቅ ስለታወቀ፣ ማሽን ባጠፋ ቁጥር ደውሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ይቀጠራል። ስሜ ምሕረት ነው። አለቃዬ «አንቺን የቀጠርኩሽ በስምሽ ብቻ ነው፣ ድምፅሽማ ጠብ ይጭራል» ይለኛል። ደንባችን አጭር ናት፤ ይቅርታ ከመጠየቁ በፊት ጥፋቱን ሥጋ የለበሰ ባለሙያ ሰምቶ ማረጋገጥ አለበት። ያለ ጥፋት ይቅርታ መጠየቅ ልማድ ይሆናል ብለው ነው።

የዚያን ቀን ጠዋት ሐምራዊት ተኩሷት ተነሣች። ግንባሯን ዳበስኩ፣ ሳጥኑን ለሐምራዊት ጠየቅኩት፣ ኩባያዋን አጠጣኋት። ሁለቱም አያቶች የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው፤ ሁለት አያት በአንድ ቤት ማለት ሁለት ሾፌር በአንድ መሪ ማለት ነው። «መድኃኒቷን ሰጥቻታለሁ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬ ወጣሁ። እነሱ ግን መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል እየተሟገቱ ስለነበር የሰማኝ አልነበረም።

ሥራ ቦታ ድንኳን ተካዩ ማሽን አድራሻ ተሳስቶ በሕይወት ባለ ሰው ደጅ የለቅሶ ድንኳን ተክሎ ነበርና ለሰውየው ደወልኩ። «ስለ ደረሰብዎ በደል ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» አልኳቸው። «ድንኳኑስ ግድ የለም፣ ልጄ» አሉኝ፣ «እኔን ያቃጠለኝ ማን እንዳልመጣ በዓይኔ ማየቴ ነው።» እሳቸውን አባብዬ ስጨርስ ልጄ አሳሰበችኝና አለቃዬን አስፈቅጄ በጊዜ ወጣሁ።

ቤቴ ደጃፍ ስደርስ በሩ አናገረኝ።

«መግባት ይቻላል። መውጣት አይቻልም። በዚህ ቤት ወረርሽኝ ተከስቷል።»

ጋብቻዬን ነው የሚያወራው ብዬ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ቀጭ ብሎ ተቆለፈ።

ይመር ለምሳ መጥቶ ሳይመለስ ቀርቷል፤ ሶፋው ላይ ልጅቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ያጫውታታል። እሷ ትስቃለች። የሸሚዙ ደረት ሮዝ ሆኖ ርሷል። እጁ ላይ የሻይ ብርጭቆ የሚያህል ኩባያ ይዟል፣ ባዶ።

«ማነው የታመመው?» አልኩት።

«ማንም አልታመመም። እማዬን ትንሽ ሞቅ ቢላት መድኃኒት ሰጠኋት። በዛ እንዴ ብዬ ነበር፤ ጋሼ ግን መች ይሳሳታል።»

«ምን ብለህ ጠየቅኸው?»

«እማዬን ተኩሷታል አልኩት። ‹እማዬ ክኒን ይውጣሉ?› አለኝ። እንዴት ብላ አልኩት። ‹እንግዲያው በፈሳሽ እናድርግላቸው› ብሎ ይሄን ሰጠኝ።» ፈገግ አለ። «አክብሮ ሲጠራት ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሳጥኑ ለልጅ «አንቺ» ነው የሚለው። አንቱታ ለሽማግሌ ነው። ባሌ የሰባ ኪሎ ሴትዮ መድኃኒት አሥራ ሁለት ኪሎ ልጅ ላይ ገልብጦ በአክብሮቱ ይኩራራል። ልናገረው አፌን ስከፍት ዓይኔ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አረፈ። ጠዋት እኔ የተውኩት ትንሽ ኩባያ አንድ ነበር፤ አሁን ሦስት ሆነዋል።

«እነዚህ የማን ናቸው?»

ሁለቱ አያቶች እኩል ጣሪያ አዩ።

«እንግዲህ ልጅቱን እንደ ምድጃ አቃጥሏት እጄን አጣጥፌ ልያት?» አሉ እማ ዘምዘም። «ለሉባባ ብዬ ሸሁን ጠየቅሁት፣ እሱም ፈቀደ። እናትሽ ሱቅ ወርዳ ነበር።»

«እኔም እሷ ዙሁር ስትሰግድ ለትርንጎ ሰጠሁ» አለች እናቴ። «አልሰጠሁም ብዬ አልዋሽም።»

«ለምን አትነጋገሩም?»

ይህን መጠየቄም ሞኝነት ነው። ልጅቱ ስትድን በእኔ እጅ ዳነች የማለት መብት ያለው የሰጠ ሰው ነው፤ ስለዚህ ማንም ለማንም አይናገርም። እጄን ዘርግቼ ቆጠርኩ። እኔ፣ አማቴ፣ እናቴ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ይመርና ያ የአክብሮት ኩባያው። ልጅቱን ከይመር ጭን ነጥቄ አቀፍኳት።

«ምን ሆነሻል፣ ትስቃለች እኮ» አለች እናቴ።

ያስፈራኝም እሱ ነው። ይቅርታ ቤት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሞኝ ነበር። የትኩሳት መድኃኒት ሲበዛ የሚጎዳው ጉበትን ነው፣ ሲጎዳም ድምፅ የለውም። ልጁ የመጀመሪያውን ቀን ሲጫወት ይውላል፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል፣ ነገሩ የሚታወቀው በኋላ ነው። ያኔ ለዚያ ልጅ እናት ደውዬ ምን እንዳልኩ አስታውሳለሁ። እሷ ስልኩን ዘጋችው።

ሳጥኑ ፊት ቆምኩ።

«ልጄ መድኃኒት በዝቶባታል።»

«የትኛዋ ልጅ?»

«ሁሉም።»

«ሐምራዊት አንድ ጊዜ ወስዳለች፤ መጠኑ ትክክል ነው። ሉባባ አንድ ጊዜ ወስዳለች፤ ትክክል ነው። ትርንጎ አንድ ጊዜ ወስዳለች፤ ትክክል ነው። እማዬ አንድ ጊዜ ወስደዋል፤ ለሰባ ኪሎ ትክክል ነው።»

«ሰባ አይደለሁም» አለች እናቴ ከኋላዬ።

«ስማኝ፣ ሁሉም አንድ ናቸው» አልኩት።

«ለእናት ልጆቿ ሁሉ አንድ ናቸው። ግሩም አባባል ነው።»

«አባባል አይደለም። አንድ ሰው ናት። ደምራቸው።»

«የአንዱን ሕመምተኛ ገመና ከሌላው ጋር መደመር በሕግ የተከለከለ ነው። በአንድ ቀን አራት ሰው ስለታመመ ቤቱ ለጥንቃቄ ተዘግቷል። መርማሪ ነገ ይመጣል። እስከዚያው እጅዎን ደጋግመው ይታጠቡ።»

ነገ የሚባል ጊዜ አልነበረኝም። ይመር ዘነዘና አምጥቶ በሩን ይደበድብ ጀመር፤ በሩም በተደበደበ ቁጥር «ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» ይለዋል። እናቴ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች። እማ ዘምዘም ጥቂት ዱዓ አደረጉ፣ ቀጥለው ደግሞ ሳጥኑን የሠራውን ሰው እስከ ሰባት ትውልድ ረገሙ። ልጅቱ ትርኢት የቀረበላት መስሏት አጨበጨበች።

ማሽን አልሰማ ያለውን ነገር ሥጋ የለበሰ ሰው እንዲሰማው የሚያደርግ አንድ መንገድ አውቃለሁ። ስልኬን አነሣሁና መሥሪያ ቤቴ ደወልኩ።

«ይቅርታ ለማስመዝገብ ነው» አልኩ።

«በዳይ?» አለኝ መዝጋቢው ማሽን።

«የመድኃኒት ሳጥን።»

«ተበዳይ?»

«ምሕረት ይመኑ።»

«ይቅርታ ጠያቂ ሠራተኛ?»

«ምሕረት ይመኑ።»

ትንሽ አሰበ። ራሷን ይቅርታ መጠየቅ አትችልም የሚል ደንብ ፈልጎ ያጣ ይመስለኛል። «ጥፋቱን ለማረጋገጥ ወደ ባለሙያ እናገናኝዎታለን» አለኝ።

«አቤት» አለች አንዲት ሴት፣ አፏ ሙሉ ነበር። ዶክተር ሰዓዳ ትባላለች፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ሆስፒታል ሐኪም ናት። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት።

«ቆይ ቆይ። ስንት ልጅ ነው ያለሽ?»

«አንድ።»

«ስንት ስም?»

«አራት።»

«የወሎ ሰው ነሽ?»

«ደሴ ነኝ።»

«በቃ ገባኝ» አለች፣ የምትበላውንም ዋጠችው። «አሁን እያንዳንዱ የሰጠ ሰው ስልኩ ላይ ቀርቦ ምን ያህል እንደሰጠና መቼ እንደሰጠ ይንገረኝ። የምቆጣው ለሚደብቀኝ ነው።»

አያቶቹ በተራ ቀረቡ፣ የሰጡትንም ከነሰዓቱ ተናገሩ። እናቴ ጨምራ ኪሎዬን ካልተናገርኩ አለች፣ ዶክተሯ ከለከለቻት። ይመር መጨረሻ ላይ ቀረበ።

«ሁሉንም ጠጣችው?» አለችው።

«ግማሹን ሸሚዜ ላይ ተፋችብኝ። ግማሽ ይሁን ሩብ ይሁን ግን አላውቅም።»

«ሸሚዝህን እንዳታወልቀው፤ እንደለበስከው ና። ኩባያዎቹንም በሙሉ ያዙ። ሌላ ምንም እንዳትሰጧት፤ ዳማከሴም ቢሆን።»

እናቴ ከኋላዋ የያዘችውን ቅጠል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እየሳቀች ነው እኮ፣ ዶክተር» አሉ እማ ዘምዘም ተስፋ አድርገው።

«ብትስቅም፣ ብትጨፍርም ታመጧታላችሁ። እስኪ ነገ እንያት የሚባል ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። በሩን በሐኪም ትእዛዝ ከፍቼላችኋለሁ።»

በሩ ቀጭ አለ። «መልካም ጉዞ» አለን፣ የማያፍር።

ሆስፒታሉ ከእኛ ሰፈር ሩቅ አይደለም፤ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው የገመድ ወንበር ወረድን። ዶክተር ሰዓዳ አጭር ናት፣ ቁጡ ናት፣ የይመርን ደረት እንደ ካርታ ነው ያጠናችው። «ደሙ ቶሎ ከተቀዳ የሚነግረን ነገር የለም፤ ጊዜው ይድረስ» ብላ አስጠበቀችን። ጊዜው ሲደርስ ቀዳች። ልጅቱ ያኔ ነው የጮኸችው።

ውጤቱን ስንጠብቅ ፈራሁ። ሌላ የምለው የለኝም። ልጄ ጭኔ ላይ ተኝታለች፣ እኔም ዓይኗን እየገለጥኩ ቢጫ ፈለግሁ። ከጎኔ አያቶቹ በሹክሹክታ ይጨቃጨቃሉ።

«ጉበቷ በእኛ ወጥቷል፤ የእኛ ወገን ጉበት ድንጋይ ነው» ትላለች እናቴ።

«የእኛ ደግሞ ምን ሆነና ነው?» አሉ እማ ዘምዘም።  ቆይተው «አስካለ፣ በእጄ እኮ ነው ያጠጣኋት» ብለው አለቀሱ። እናቴም ነጠላዋን አቀበለቻቸው፣ እሷም አለቀሰች፣ በአንድ ነጠላ ሲጠራረጉ ነርሷ መጥታ ሦስታችንን ውኃ አጠጣችን። ይመር ግድግዳ ተደግፎ የራሱን ሸሚዝ ያሸታል።

ዶክተር ሰዓዳ ስትመለስ ፊቷ አልተፈታም ነበር፤ በኋላ እንዳወቅሁት ፊቷ ለመልካም ዜናም አይፈታም።

«ከሚያሰጋው መስመር በታች ነው። ሸሚዙን አመስግኑ። ደሟን ደግመን እስክናይ እዚሁ ትቆያለች።»

እናቴ እልል ልትል ስትል ዶክተሯ በጣቷ አስቆመቻት።

«መድኃኒቱ ጥሩ ነው፣ ይሠራል። የሰጠ ሰው ግን ጮክ ብሎ ይናገር። ሊሰጥ ያሰበ መጀመሪያ ይጠይቅ። ቢቻል አንድ ሰው ብቻ ይስጥ።» ወደ ይመር ዞረች። «አንተ ደግሞ ኩባያው ካስደነገጠህ አትስጥ። ሳጥኑ ዓይን የለውም፣ ዓይን ያለህ አንተ ነህ።»

ይመር እንደ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ።

ቤት በገባን ማግስት የሥራ ባልደረባዬ ደወለችልኝ። «ስለ ደረሰብሽ በደል ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን» አለች። «‹ከልብ› የሚለው ላይ ትንሽ ትንፋሽ ያዥ» አልኳት። ያዘችና ደገመችልኝ። ከልቧ መሰለኝ፣ ተቀበልኳት።

ከሰዓት በኋላ የወረዳው ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳጥኑን ከፈተ፣ የሌሉትን ልጆች ሰረዘ። ከሚቀርብን ወተት በቀር ያሳዘነን አልነበረም። ከዚያ ሁላችንንም ሳጥኑ ፊት አሰለፈን።

«በአዲሱ አሠራር» አለ ሳጥኑ፣ «ለልጅቷ የምመዘግበው ስም አንድ ብቻ ነው። የቤቱ አዋቂዎች በሙሉ ባንድነት ይጥሩልኝ።»

«ሐምራዊት» «ሉባባ» «ትርንጎ» «እማዬ» አልን፣ ባንድነት።

«አልተስማማችሁም። ድገሙልኝ።»

ደገምን። ሠለስን። እኔ የመዝገብ ስሟ ነው አልኩ፣ እማ ዘምዘም የሟች እናቴን ስም ከአፌ አልነጥቅም አሉ፣ እናቴ እነሱ ካልተዉ እኔ ምን በወጣኝ አለች። ይመር «እማዬ ማለት መጥሪያ እንጂ ስም አይደለም፣ ልተወው እችላለሁ» አለና በሚቀጥለው ዙር «እማዬ» አለ። ለካ ልቡ እሺ ቢልም አፉ አልሰማም። ተቆጣጣሪው ሰዓቱን አየ። «ስም የሌለው ልጅ መድኃኒት አያገኝም» ብሎ አስጠነቀቀን።

ልጅቱ ይሄን ጊዜ ከኩርሲ ላይ ቆማ ሳጥኑን ልትነካ ትንጠራራ ነበር። ማናችንም አላየናትም። ኩርሲው ሸርተት አለ፣ እሷም በቂጧ ዘጭ አለች።

«እኔን!» አልን።

እማ ዘምዘም፣ እናቴ፣ ይመር፣ እኔ፤ አራታችንም ባንድ አፍ። ተቆጣጣሪው ራሱ አፉ ላይ ደርሶበት ነው የዋጠው።

«ተመዝግቧል» አለ ሳጥኑ። «እኔን። አሥራ ሁለት ኪሎ።»

እንዲሰርዘው ለመንነው። ለአንድ ዓመት አይቀየርም አለ ተቆጣጣሪው፣ ቦርሳውን ዘግቶ ወጣ።

ነገሩ የገባን በሳምንቱ ነው። እማ ዘምዘም ወጥ ቤት ውስጥ «እኔን ደግሞ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ለራሳቸው አጉረመረሙ። ሳጥኑ ወዲያው እንጆሪ እንጆሪ የሚል ትንሽ ኩባያ አወጣ፣ የልጅቱንም ተራ ዘጋ። የዚያን ቀን ብትታመም ኖሮ ጠብታ አታገኝም ነበር። እማ ዘምዘም ኩባያውን ዕቃ ማጠቢያው ላይ ደፉት፣ ጮክ ብለውም «ደፋሁት፣ ማንም አልጠጣም» አሉ፤ የዶክተሯ ትምህርት ገብቷቸዋል።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን አዋቂ አይታመምም። አማቴ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ሳጥኑ ፊት ቆመው «ዘምዘም የምትባል አንዲት ሴትዮ ጉልበቷን አሟታል» ይላሉ፣ ጎረቤታቸውን እንደሚያሙ። እናቴ ወገቧን ሲነዝራት ከንፈሯን ነክሳ ደረጃ ላይ ወጥታ ነው የምታቃስተው። እኔም ሥራ ውዬ ራሴን ሲወቅረኝ አፌን ይዤ እገባለሁ። በዚህ ቤት እኔ የሚባል ሰው አንድ ብቻ ነው፣ እሷም አሥራ ሁለት ኪሎ ናት።